ከብርቱካኖቹ ሥር የተወሰደ አፈር

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ እታገኝ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ አባባ የሞቱ መስሎኝ ሳልከፍተው ብዙ ቆየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አለመጻፌ ከቤት ምን ያህል እንዳራቀኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልሽ አንቺ ታውቂኛለሽ።

አፈር ውስጥ መርዝ ካለ ማወቅ ትችላላችሁ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አንዳንዱን እናውቃለን፣ አንዳንዱን አናውቅም። እኔ የምሠራበት የምርመራ ክፍል ዋና ተግባሩ አፈሩ ምን እንደ ጎደለውና ምን እንደ በዛበት ማየት ነው። ነገር ግን እማማ የተከለቻቸው ሦስት ብርቱካኖች ቅጠላቸው ከጫፉ እንደ ተለበለበ ሆኖ እየረገፈ ከሆነ፣ ጎመኑና ሽንኩርቱም አብሮ ከሄደ፣ ምክንያቱ ያለው ከመሬቱ ውስጥ ነው። አባባ ጎረቤታችንን ይርጋን መጠርጠራቸው ግን አስገርሞኛል። ትምህርት ቤት ስሄድ ወንዙ ሲሞላ በጀርባው አዝሎ ያሻግረኝ የነበረው ይርጋ እኮ ነው።

አፈሩን ላኪልኝ። አወሳሰዱን በጥንቃቄ አንብቢ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ይሁን። አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ስትለቂው እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ጊዜው አይደለም፤ ፈርፈር ካለ ጊዜው ነው። አመድና ፍግ ከመበተንሽ በፊት መሆን አለበት። ከላይ ያለውን ቅጠላ ቅጠል ጥረጊና አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሪ። ከዚያ ከጉድጓዱ ጎን ሁለት ጣት የሚወፍር ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ልጠሽ አውጪ። ይህን ከአንድ ቦታ ብቻ አታድርጊው፤ ጓሮውን ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዝሽ ሄደሽ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ቦታ ውሰጂ። አመድ ከሚደፋበት፣ ከመንገድ ዳርና ከብት ከሚታሰርበት ራቂ። ሁሉንም በንጹሕ ዕቃ ደባልቀሽ፣ ጥላ ውስጥ አድርቀሽ፣ ከድብልቁ ግማሽ ኪሎ ብትልኪ ይበቃኛል።

እንደ ጻፍሁልሽ ለአባባ ንገሪያቸው፤ ወይም ፊታቸውን አይተሽ ተዪው።

ወንድምሽ ወልደዮሐንስ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድሜ ወልደዮሐንስ፣

እንኳን ጻፍክ። ቂም የምይዝበት ጉልበት ስለሌለኝ ይቅርታህን ሳላንገራግር ተቀብያለሁ።

አፈሩን በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ልኬልሃለሁ። እንዳዘዝከኝ አላደረግሁም። ጊዜው ሳይደርስ ሦስት ቀን ዘነበ፤ መሬቱ ጭቃ ነበር፤ መጠበቅ ግን አልቻልሁም። ከአንዱ ብርቱካን ሥር ብቻ ቆፍሬ አወጣሁ። ከረጢት ባጣ ከመጋዘን፣ ለአባባ ቆዳ ማሻ የሚሆነው ጨው ከሚመጣበት ጆንያ ላይ ቀድጄ ሰፋሁለት።

ያላስቻለኝ ይርጋን ስለ ወሰዱት ነው። ባለፈው ሰኞ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ከእንሰቱ መሀል አወጡት። ይርጋ ክረምቱን የወባ መድኃኒት በየቤቱ ከሚረጩት ጋር በቀን ሠራተኛነት ሠርቶ ነበር፤ ባዶ ቆርቆሮ ሰጥተውት ውሃ ይቀዳበታል። አባባ ያንን ቆርቆሮ ይዞ በአጥራችን በኩል ሲያልፍ አይተውታል። አምና አጥሩን ሁለት እርምጃ ወደ ይርጋ መሬት ማስገባታቸውን አልነገርሁህም ነበር። ይርጋ ለባላባቱ አቤት ብሎ ነበር። ስለዚህ ለአባባ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ተቀይሞኝ ጓሮዬን መረዘው ብለው ከሰሱት። ዋስ የሚሆነው ጠፋ። የአባባን ፊት ማን ይጋፋል?

ሚስቱ አሰፋች ትናንት መጣች። አማርኛዋ ዛሬም ወንድና ሴት አይለይም። በሩ ላይ ቆማ፣ «እታገኝ፣ አንተ ሴት ነህ፤ አንተ ታውቃለህ። በናንተ አጥር በኩል ያለው የኔ እንሰት ሁለቱ ቢጫ ሆኗል። ሰው የራሱን ምግብ መርዝ ያጠጣል?» አለችኝ።

ግቢ አላልኳትም። አባባ ከውስጥ ነበሩ። 

እታገኝ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1960 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደክመሽ የላክሽውን አፈር ሳልመረምረው ደፋሁት። አትቆጪ። ርጥቡን ስለታሸገ ሻግቶ ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ግን ከረጢቱ ነው። የጨው ጆንያ ውስጥ የገባ አፈር ጨው አለብኝ ቢል ከራሱ ይሁን ከጆንያው ማን ያውቃል? ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻ የተወሰደ ደግሞ ስለዚያች ጉድጓድ እንጂ ስለ ጓሮው አይናገርም።

አሁን በጋው ስለገባ ጊዜው ትክክለኛ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ከረጢት አድርጊው። ተክሉ ከሞተበት አካባቢ የተወሰደውን ለብቻ፣ ደህና ከሆነበት አካባቢ የተወሰደውን ለብቻ። ሁለቱን ከደባለቅሻቸው አንዱ የሌላውን ነገር ይሸፍነዋል። ከረጢቱን ከታጠበ አቡጀዲ ስፊ። ከየት፣ መቼና ምን ያህል ጥልቀት እንደ ወሰድሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ ቀለም ርጥበት ሲነካው ይጠፋል። እጅሽንም መቆፈሪያውንም አስቀድመሽ እጠቢ።

አንድ ነገር አደራ። በልግ ሳይገባ ይሁን። ዝናብ አንዴ ከጣለ ከላይ ያለውን ሁሉ አጥቦ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ያን ጊዜ ምን እንደ ነበረ የሚመሰክር አይኖርም።

ስለ ይርጋ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። 

ወልደዮሐንስ


ዲላ፣ ጥር 3 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እንኳን ለገና በዓል አደረሰህ። ዘንድሮ በቤታችን በዓል ነበር ለማለት አልችልም። በግ ታርዶ ነበር፤ አባባ ሁለት ጉርሻ በልተው ተነሡ።

አፈሩን በዚህ ጊዜ እንደ ቃልህ አድርጌዋለሁ። አቡጀዲውን ሁለት ጊዜ አጠብሁት። ብቻዬን ሁሉን ማዳረስ ስላቃተኝ አሰፋችን ጠራኋት። እሷ ትቆፍራለች፣ እኔ ከጎኑ ልጣለሁ፣ አንድ ቦታ ጨርሰን ተጠማዝዘን ወደ ሌላው እንሄዳለን። ከላይኛው በኩል፣ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጀምሮ እስከ ብርቱካኖቹ ካለው፣ ተክሉ ከሞተበት አሥራ ሁለት ቦታ፤ ከታች ሙዙ ካለበት ከለምለሙ አሥራ ሁለት ቦታ ወሰድን። በሰፌድ ደባልቀን፣ በንጹሕ ነጠላ ላይ አስጥተን፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን አደረቅነው። አንዱ ላይ «የሞተው»፣ ሌላው ላይ «ደህናው» ብዬ ጽፌአለሁ።

አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያዩን ነበር። አሰፋችን ከግቢያቸው እንዲያስወጧት ስጠብቅ አላስወጧትም። ስትሄድ ጠሩኝ።

«አፈር ደግሞ ምን ይናገራል ብላችሁ ነው? እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ምን አዩ አባባ?»

«ቆርቆሮ።»

«ሲያፈስስ አይተዋል?»

ወደ ብርቱካኖቹ እያዩ፣ «እናትሽ እነዚህን ዛፎች ስትተክል ሆዷ ውስጥ ወንድምሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ መጋዘን ገቡ። 

ነገሩ ለመጋቢት 5 ተቀጥሯል። ይርጋ እስከዚያ እዚያው ነው። ቶሎ በልልኝ።

እታገኝ


አዲስ አበባ፣ ጥር 16 ቀን 1960 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሁለቱም ከረጢት ደርሶኛል። አወሳሰድሽ ከኛ ሠራተኞች ይሻላል። ነገር ግን መመርመሪያው መሣሪያ ተበላሽቷል። መለዋወጫው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። ትንሽ ታገሺኝ።

የአንገት ልብስ ልኬልሻለሁ። ቀለሙን ካልወደድሽው ለሰው ስጪው።

ወልደዮሐንስ


ዲላ፣ ጥር 28 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

የአንገት ልብሱ ደረሰኝ፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የጠበቅሁት ሌላ ነበር።

ለአባባ ሳልነግር በሳምንት ሁለት ቀን ከአሰፋች ጋር እስር ቤት እሄዳለሁ። እሷ ቆጮ ትይዛለች፣ እኔ ማባያውን። ይርጋን በአጥሩ ቀዳዳ ነው የምናገኘው። ከስቷል። ስለ ልጆቹ ይጠይቃታል በጌዴኦኛ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «አፈሩ ምን አለ?» ይለኛል። ሁልጊዜ ይህን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። የመጀመሪያ ጊዜ «ገና ነው» አልሁት። ሁለተኛም «ገና ነው» አልሁት። ባለፈው ሐሙስ ሳይጠይቀኝ ቀረ። መጠየቁን ሲተወው የበለጠ ከበደኝ።

ከእስረኞቹ መሀል ተስቦ የያዛቸው እንዳሉ ሰምቻለሁ። ለአሰፋች አልነገርኋትም፤ እሷም ሰምታ ለኔ ሳትነግረኝ ቀርታ ይሆናል። 

መሣሪያው ካልተጠገነ ሌላ ቦታ የሚመረምሩ የሉም ወይ? ብትለምናቸውስ? እኔ እዚህ ከአባባ ጋር ቁጭ ብዬ እየበላሁ፣ ሳህናቸውን እያነሣሁ፣ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ መኖር ሰልችቶኛል። ከባለቤቴ ተለያይቼ ወደዚህ ቤት ስመለስ ጥያቄ ሳይጠይቁ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ልጠላቸው አልችልም። ልታገሣቸውም እያቃተኝ ነው።

እታገኝ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 8 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የአባባ ጉልበትስ? ብርዱ ሲመጣ ያማቸው የነበረው ተሻላቸው? ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ሳገኝ ስለ ሁላችሁም እጠይቃለሁ። እዚህ ንፋሱ አስቸግሮናል። የምኖርበት ቤት ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ሲንኳኳ ይውላል።

መሣሪያውን በሚመለከት አለቃዬ ፈቃድ ላይ ናቸው። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቆዳው የሚታሽበት የመጋዘኑ ወለል ውሃ ይቋጥራል? የሚወርደው የጨው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። መጠየቄን ለአባባ አትንገሪ።

ወልደዮሐንስ


ዲላ፣ የካቲት 15 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወልደዮሐንስ፣

አባባን ጠየቅኋቸው። አትንገሪ ብትለኝም ጠየቅኋቸው፤ ምክንያቱም ሥውር ነገር በቃኝ። ሳቁብኝ። «ልጄ የሠራው ቦይ እያለ ምን ውሃ ይቋጥራል? ጠብ ሳይል ገደል ይገባል» አሉ። ለእንግዳ ሁሉ የሚያወሩለት ቦይ ነው።

ከዚያ ወጥቼ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጀምሬ ቁልቁል ተራመድሁ። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ወር አልፎታል፤ መሬቱ ደርቋል። ከግድግዳው በታች አሥር እርምጃ ድረስ አፈሩ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ወጥቷል። እስከ ብርቱካኖቹ እየሳሳ ይሄዳል። ወደ ይርጋ ማዕዘን ትንሽ ይታጠፋል፤ ቢጫ የሆኑት ሁለት እንሰቶች እዚያ ናቸው። ከብርቱካኖቹ በታች የለም።

በጣቴ አንሥቼ ቀመስሁት። ጨው ነው።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገኝም። እውነቱን ንገረኝ። ያ መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር?

እታገኝ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

እትዬ፣

አልተበላሸም።

አፈርሽ በደረሰ በሦስተኛው ቀን መረመርሁት። «የሞተው» ያልሽውን በተጣራ ውሃ በጥብጬ አጠለልሁትና፣ ጨው የሚለየውን መድኃኒት አንዲት ጠብታ ጨመርሁበት። ውሃው ወተት መሰለ። «ደህናው» ጥርት እንዳለ ቀረ። የጨዉን ነገር ያወቅሁት ያኔ ነው። የወባው መድኃኒት ብርቱካን አያደርቅም፤ ይህን አለቃዬም አረጋግጠውልኛል።

በዚያው ቀን ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ስለ ቦዩ ማሰብ ስጀምር እጄ ሌላ ነገር ጻፈ።

አባባ መጋዘኑን ሲያሠሩ፣ የጨው ውሃው ከግቢው ወጥቶ እስከ ገደሉ እንዲወርድ አርባ ክንድ አስቆፍር ብለው እኔን አዘዙኝ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ የቅጥር ደብዳቤ ኪሴ ገብቶ ነበር፤ ከዲላ ለመውጣት ልቤ ቆሟል። አሥራ አምስት ክንድ ላይ ዐለት ገጠመን። ሠራተኞቹን አሰናብቼ ጫፉን በድንጋይ ሞላሁት፤ በላዩ አፈር መለስሁበት። ለአባባ «አልቋል» አልኋቸው። ሄደው ሳያዩ አመኑኝ። በማግሥቱ ተሳፈርሁ። ሁለት ዓመት ያልጻፍሁልሽ በዚህ ምክንያት ነው ብል አጋነንሁ ይሆናል፤ ግን ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ያ ቦይ ትዝ ይለኝ ነበር።

ይርጋ ሳይበድል መታሰሩን እያወቅሁ ሠላሳ አራት ቀን ዝም አልሁ። ተስቦ ገባ ብለሽ ስትጽፊልኝም ዝም አልሁ። አባባ ስለኔ በኩራት የሚሉትን እንዲተዉ አልፈለግሁም። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈልጌም አላገኘሁም።

የምርመራውን ውጤት በአለቃዬ ፊርማና በማኅተም አስደርጌ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። እንዳሻሽ አድርጊው።

ወልደዮሐንስ


ዲላ፣ መጋቢት 6 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወልደዮሐንስ፣

ደብዳቤህ ከቀጠሮው በፊት ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ስለ አንተ ምን እንደማስብ አሁን አትጠይቀኝ፤ የሆነውን ልንገርህ።

ፍርድ ቤት ከመውሰዴ በፊት ወረቀቱን ለአባባ ምሳ ሰዓት ላይ ከሳህናቸው አጠገብ አስቀመጥሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ማኅተሙ የመንግሥት ነው?»

«ነው አባባ።»

«ጨዉ ከየት መጣ ይላል?»

«እሱን ወረቀቱ አይልም። ወልደዮሐንስ ነው የሚለው» አልኋቸውና ያንተን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ላሳያቸው ወይስ ላላሳያቸው ብዬ ስንት ጊዜ አውጥቼ እንደ መለስሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንብበው ሲጨርሱ ዶማ ይዘው ወጡ። ሠራተኞቹ ሊቀበሏቸው ሲሞክሩ ከለከሏቸው። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው በዚያ ፀሐይ ሲቆፍር ቆሜ አየሁ። አሥር ሰዓት ግድም ድንጋዮቹ ጋ ደረሱ። ከሥራቸው ያለው አፈር ርጥብ ነበር፤ የቆዳ ሽታ ይሸታል። አባባ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ድንጋዮቹን ብዙ አዩአቸውና፣ «ሲደረድር ግን በጥሩ ነው የደረደረው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ አንተ ሌላ ነገር ሲሉ አልሰማሁም።

ትናንት ፍርድ ቤት አብረን ሄድን። ዳኛው ሳይጠይቋቸው ተነሥተው፣ «ክሴን አንሥቻለሁ። ሰውየው ያደረገኝ ነገር የለም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ጸሐፊው እንዲደግሙለት ጠየቃቸው። ነገሩ የተሰማው ዳኛው ይርጋን አቅርቡት ሲሉ ነው። ይርጋ ተስቦ ይዞት ሐኪም ቤት ከገባ አምስት ቀኑ ነው። ለአሰፋች የነገራት የለም። ቆጮውን ይዛ ደጅ ላይ ቆማ ነበር።

እኔ ነኝ የነገርኋት። ምን እንዳለችኝ አልጽፍልህም።

እታገኝ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 18 ቀን 1960 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይርጋ በሕይወት መኖሩን በቴሌግራም ስላስታወቅሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እነዚያን ሦስት ቃላት ሳነብ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ጓሮውን ምን ይሻለዋል ብለሽ እንደሆነ፣ ቦዩ እስከ ገደሉ ይቆፈር። ከዚያ የበልጉ ዝናብ ጨዉን እያጠበ ይዞት ይውረድ፤ ፍግ በብዛት ጨምሩበት። በመጪው ጥር፣ በዚያው በደረቁ ወቅት፣ ከእነዚያው ቦታዎች እንደገና ወስደሽ ላኪልኝ። ብርቱካኖቹ ግን የሚያገግሙ አይመስለኝም።

መምጣት አልቻልሁም። በመሥሪያ ቤቴ ይህ ወቅት ሥራ የሚበዛበት ነው፤ ፈቃድ ብጠይቅም የሚሰጡኝ አይመስለኝም። ለይርጋ የጻፍሁት ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ታሽጎ ከዚህ ጋር አለ። ያጠፋሁትን ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢለት። አባባንም የሚያነጋግሩኝ ከሆነ ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ ወልደዮሐንስ


ዲላ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድሜ ወልደዮሐንስ፣

መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜህ ብቻ አይደለም፤ የምጽፈውን ስላላወቅሁ ነው። ዝናቡ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። አባባ ዐለቱን በመዶሻ አስፈልጠው ቦዩን አስጨርሰዋል። ሁለቱን ብርቱካኖች ቆርጠናቸዋል፤ ሦስተኛው አንድ ቅርንጫፉ ላይ ቅጠል አውጥቷል፤ ይቆይ ብለውኛል። አጥሩን መለሱት ወይ ብለህ እንደሆነ፣ አልመለሱትም። እኔም እየጠበቅሁ ነው።

ይርጋ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በእግሩ ነው የመጣው፤ ግማሽ መንገድ አሰፋች ደግፋዋለች። ፀጉሩ ረግፏል። የቀረውን ያወቅነው በኋላ ነው። ተስቦው ጆሮውን ይዞት ሄዷል። ከአጠገቡ ካልጮኹ በቀር አይሰማም። ሐኪሙ ይመለስ ይሆናል ብሎታል፤ አይመለስም ይሆናል ብሎታል።

ባለፈው እሑድ አባባ ካባቸውን ለብሰው ወጡ። ወዴት ነው ብዬ ሳልጠይቅ ተከተልኋቸው። ይርጋ ደጃፉ ላይ ቡልኮ ለብሶ ተቀምጧል። ሰዉ ከጸሎት ቤት የሚመለስበት ሰዓት ስለነበር መንገዱ ሙሉ ነው። ይህን ሲያዩ አባባ ሊመለሱ መስሎኝ ነበር። አልተመለሱም። ከፊቱ ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ እኔ እንኳ በጭንቅ በሰማሁት ድምፅ፣

«ይርጋ፣ በድዬሃለሁ» አሉ።

ይርጋ ሰላምታ የሰጡት መሰለው። ሊነሣ እየሞከረ፣ «ደህና ነኝ ጌታዬ፣ እግዜር ይመስገን» አላቸው።

አባባ ቀና ብለው አዩት። «በድዬሃለሁ ነው የምልህ።»

«አዎ ጌታዬ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸውን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ልናገርላቸው ወደ ፊት ስራመድ አሰፋች ከውስጥ ወጣች። እጇ ላይ የቆጮ መክተፊያ ይዛ ነበር።

«ጆሮ የለውም» አለቻቸው። «ጩኽ።»

በሕይወቷ ሙሉ ጌታዬ እንጂ ሌላ ብላቸው የማታውቅ ሴት ናት። አባባ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጮኹ።

«በሐሰት ከስሼሃለሁ! ጓሮዬን የገደለው የራሴ ጨው ነው! አንተ ምንም አላደረግኸኝም! ይቅር በለኝ!»

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደ ያዙ የቆሙ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የገበያ ሴቶች ነበሩ፤ ቆዳ የሚያመጡልን ነጋዴዎች ነበሩ።  አባባ ሳል ያዛቸው፤ እስኪለቃቸው ቆየንላቸው።

ይርጋ ብዙ አያቸው።

«አሁን ሰማሁ» አለ።

ይቅር ብያለሁ አላለም። አባባም ደግመው አልጠየቁትም። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ተመለስን፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አረፉ።

ለይርጋ አንብቢለት ያልኸውን ደብዳቤ እንደ ታሸገ መልሼልሃለሁ። እሱ ማንበብ አይችልም፤ እኔ ባነብለት አይሰማም። ያንተን ጥፋት ደግሞ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ እኔ አልጮኽልህም። ደክሞኛል። ፈቃድ ጠይቅና ና።

እህትህ እታገኝ